ስለ መቃብርዎ ድንጋይ

ኦካዛኪ፣ መጋቢት

ውድ አባቴ፣

ድንጋይዎ ተሰነጠቀ። ደስ ብሎኛል ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኛል። ጥር ላይ ውርጩ ሲበረታ ስንጥቁ ከግርጌው ተነስቶ እስከ ቤተሰባችን ስም ድረስ ወጣ።

ያን ቀን ያስታውሱታል? የራስዎን የመቃብር ድንጋይ ከካባው መርጠው አመጡና በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። እኔም መታሁት። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፤ ያ ግን አፉን እንደታፈነ ሰው አጉረመረመ።

«አባባ፣ ውስጡ ስንጥቅ አለው» አልኩዎት።

«ያንቺ ጆሮ ድስት ሲገነፍል ይስማ!» አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬዎት ድንጋይ ጠርቤ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው።

ከዚያ የእርስዎንና የእናቴን ስም ቀረጽኩ፤ ሁለታችሁም በሕይወት ስለነበራችሁ እንደ ልማዱ ቀይ ቀለም ሞላሁበት። በጎኑ፣ ድንጋዩን ያቆመው ልጅ ስም በሚሰፍርበት ቦታ፣ «ኖቡያ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ ኖቡያ! ኦሳካ ገብቶ መኪና የሚሸጠው፣ መሮ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ የማያውቀው!

«እኔስ?» ስልዎት፣ «አንቺማ ነገ የሰው ሚስት ነሽ» አሉ።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አባባ።

ሲሞቱ ቀዩን ቀለም ከስምዎ ላይ የፋቅሁት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ ነው የፋቅሁት። የኖቡያ ስም ግን እንደቀላ ከጎን ያፈጥብኝ ነበር።

ስለ ስንጥቁ ደውዬ ብነግረው፣ «እትዬ፣ አንቺው ሌላ ሥሪያ። ደግሞ ስሜን እንዳትረሺ» አለኝ።

ሠራሁ። አሥራ አራት ድንጋይ መትቼ አሥራ አምስተኛው ጮኸልኝ። የኖቡያንም ስም በጎኑ ጻፍኩ፤ እናቴ «ሰው ምን ይለናል» እያለች ስለለመነችኝ ነው። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ሥራ ማበላሸት አያውቅበትም።

ግን አስከሬንዎ ተቃጥሎ የቀረው አጥንት በማሰሮ የተቀመጠበትን ጉድጓድ የሚከድነውን ድንጋይ ከማውረዴ በፊት ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ወደ እርስዎ በሚያየው ፊት፣ የራሴን ስም ቀርጬ ቀይ ሞላሁበት። ሌላ ማንም አያየውም። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ሌላ የሚያነቡት የለዎትም። እኔም ስሞት እዚያ ወርዶ የሚፍቀው ሰው ስለማይኖር፣ እንደቀላ ይኖራል።

ድንጋይ ጠራቢዋ ልጅዎ፣
ኪኑዬ