አራተኛው መስመር ያለበት ቦታ

ቅዳሜ

አራተኛው መስመር ሞቷል ይላል ዑመር።

የድምፅ መልእክቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስድስት ጊዜ ሰማሁት። «ነፊሳ እኅቴ፣ ዛሬ ወረድኩ። ስብርባሪና አሸዋ ብቻ ነው። አንቺ ስትቆጥሪው ደኅና አልነበረም እንዴ?» ከድምፁ ኋላ ነፋስና የጀልባ ሞተር አለ። እውነቱን ለመናገር ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ስሰማ የነበረው ሞተሩን ነው።

አልመለስኩለትም።

ነገሩን ለራሴ ላስቀምጠው። ዑመርና እኔ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ጠለቅን፤ ከፖርት ሱዳን ወዲያ፣ መረብ በማይጣልበትና መልሕቅ በማይወርድበት ጥብቅ የባሕር ሥፍራ። ሥራችን ኮራል፣ ድንጋይ መስሎ የሚያድገውን የባሕር እንስሳ፣ መቁጠር ነበር። ከታች የብረት ችካሎች ተተክለዋል፤ ከችካል እስከ ችካል ሜትር ይዘረጋል፤ ከሜትሩ ሥር ያለው ሕያው ይሁን ሙት ውሃ በማያርሰው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፋል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ እዚያው መስመር። ሁለት ሰው ያልፈረመበት ወረቀት ዋጋ የለውም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቆጠራው ቆመ። እናቴን ላስታምም ወደ አሶሳ መጣሁ። እናቴ ሞተች። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

አሁን ቆጠራው እንደገና ጀምሯል። አዲሱ ኃላፊ የድሮ ወረቀቶችን ሲያገላብጥ ቆይቶ «የነፊሳ ቁጥር ንጹሕ ነው፤ እሷ ትምጣልን» አለ። ደብዳቤው ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አራግፌዋለሁ።

እሑድ

ሌላ መልእክት ከዑመር። አራተኛው መስመር ያለው በሥፍራው ሰሜን ነው፤ እሱ ከሞተ የሰሜኑ ወገን ሁሉ ሞቷል ብለው ኃላፊዎቹ ደምድመዋል። የሞተ ቦታ መጠበቅ ምን ያደርጋል ተብሏል። ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ሰሜኑን መልሕቅ ለሚጥሉ ጀልባዎች ሊከፍቱት ነው።

እኅቴ ሐዋ ባሚያ እየከተፈች ታየኛለች።

«ዓሣሽ ደወለ?» ዑመርን እንደዚያ ነው የምትጠራው።

«ዓሣ አይደውልም።»

«ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ? መሄዱ ቀረ?»

«አልቀረም።»

«እዚያ እኮ ከሰማይ እሳት ይወርዳል ይላሉ።»

«ባሕሩ ሥር አይወርድም።»

«አንቺ ደግሞ ባሕሩ ሥር አታድሪም» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። እንድሄድ አትፈልግም። በዚህ ቤት የቀረነው ሁለታችን ነን።

ሰዎች ሁልጊዜ ስለ ቀለሙ ይጠይቁኛል። እኔን የሚናፍቀኝ ድምፁ ነው። ባሕር ሥር ዝም ያለ ይመስላቸዋል። ሕያው ኮራል ያለበት ቦታ ይንጣጣል፤ ሰሊጥ ሲቆላ እንደሚንጣጣው፣ ቀኑን ሙሉ። ኮራል የሚግጠው ዓሣ ከሩቅ ይሰማል፤ ሸንኮራ አገዳ የሚያኝክ ሰው ይመስላል። የሞተ ቦታ ላይ ስትደርሺ የራስሽን ትንፋሽ ብቻ ትሰሚያለሽ።

እዚህ ዝናቡ ገብቷል። የሚወርደው ውሃ ሁሉ ቀይ ነው።

ሰኞ

ይኸው ልጻፈው። ከዚህ በፊት የትም አልጻፍኩትም።

አራተኛው መስመር የሞተው አሁን አይደለም። ከጦርነቱ በፊት፣ በመጨረሻው ቆጠራችን ሞቶ አገኘሁት። አንድ ጀልባ ተደብቆ መልሕቅ ጥሎ ጎትቶታል። ጠረጴዛ የሚያክሉ ኮራሎች ተገልብጠው ነበር። አንደኛው ችካል ተነቅሎ ጠፍቷል። ብቻዬን ነበርኩ። ለብቻ መጥለቅ ክልክል ነው፤ ግን ዑመር ጆሮውን አሞት ጀልባው ላይ ቀረ፣ ነፋሱም እየተነሣ ነበር።

ዜሮ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እርሳሱን ይዤ ቆየሁ። አሥር ዓመት የቆጠርኳቸው ናቸው። አንዳንዶቹን ከጥፍሬ ካነሱበት ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከዚያ የቀረውን ችካል ነቀልኩት። የያዝኩትን መለዋወጫ ችካል ጨምሬ እዚያው ሰሜኑ ውስጥ ወደ ምሥራቅ፣ ደረጃ ከመሰለው የኮራል እርከን በታች፣ ደኅና ወደሆነ ቦታ ወሰድኩና ሁለቱን ተከልኩ። ሜትሩን ዘረጋሁ። ቆጠርኩ። የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው፤ ቦታው ብቻ አይደለም። ወረቀቱ አናት ላይ «አራተኛ መስመር» ብዬ ጻፍኩ።

«እንዴት ነው?» አለኝ ዑመር ስወጣ። «ደኅና ነው።» ሳያይ ፈረመ።

በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ አልነበረም። ዑመር አሁን የወረደው ካርታው ላይ ባለው በድሮው ቦታ ነው።

ማክሰኞ

ብናገር፦ መሄዴ ይቀራል። ዑመር ሳያይ መፈረሙ ይታወቃል። ንጹሕ የተባለው ቁጥሬ ሁሉ ይጠረጠራል፣ እውነተኛው አሥር ዓመት ጭምር።

ዝም ብል፦ እሄዳለሁ። በሕያው ኮራል ላይ መልሕቅ ሲወርድ ቆሜ አያለሁ። አራተኛውን የገደለው መልሕቅ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ማስረጃውን የደበቅኩትም እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር የቀርከሃ አጥራችንን ሊጠግን መጣ። በልጅነቱ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ሲሠራ ሽቦውን በጥርሱ ይይዛል።

«ጋሽ ይመር፣ አንድ ሰው የወሰን ችካል ነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተክል ምን ይባላል?»

«የማን ወሰን?»

«የማንም አይደለም። መሬት ለመውሰድም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ነቀለው?»

«ስላዘነ።»

ሽቦውን ከአፉ አወጣ። «ስላዘነ? አይ ነፊሳ። እኛ ዘንድ ችካል ለነቀለ ሰው ዘመዱ እንኳ አይመሰክርለትም። አዝኖም ይሁን ሰክሮ።» ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ዞረ። «ይመልሰው በይው። የት እንደተከለው የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ማን ያሳያል?»

«እሺ እለዋለሁ።»

«ሴትም ከሆነች ንገሪያት» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ረቡዕ

ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩ። በአራተኛው ሙከራ ገባ። በዐረብኛ ያዘጋጀኋቸው ቃላት ጠፉብኝ፤ እንደመጣልኝ ነገርኩት። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ዑመር?»

«አለሁ። የዚያን ቀን ጆሮዬን እያሰብኩ ነው» አለ። «አላመመኝም ነበር። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ነበራት፣ አልተኛሁም። መውረድ ፈራሁ። ጆሮዬን ነው ያልኩሽ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለነው ሁለት ውሸታሞች ነን» አለ። እንደመሳቅ አደረገው። «አሁን መንገዱን ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ። እየጻፍኩ ነው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የኮራሉን ግድግዳ በቀኝህ ያዝ። እንደ አንጎል የተጠማዘዘው ትልቁ ኮራል ጋ ስትደርስ ውረድ። እርከኑ ይመጣል፤ እሱን እለፍ። አሸዋ ታያለህ፣ ትንሽ፣ የምንጣፍ ያህል። ከእሱ ወዲያ ነው። ዓይኔን ስገልጥ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቆሞ ያየኛል። በባዶ ሜዳ ላይ በእጄ ስጠቁም ነበር ለካ።

«ነገ ጠዋት ከስብሰባው በፊት እወርዳለሁ» አለ ዑመር። ስለ እኔ መሄድ አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሣውም።

ሐሙስ

ዝናብ። ኔትወርክ የለም።

አራት ሰዓት። አሁን ዑመር ከባሕሩ ወጥቷል። ወይ ቦታውን አላገኘውም። አሸዋው በማዕበል ተነሥቶ ችካሎቹን ውጧቸው ይሆናል። ወይ የተከልኩበትም ውሃው ሞቆበት ነጥቶ ሞቷል፤ ያን ጊዜ የተናገርኩት ለማንም አይጠቅምም።

ለሐዋ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስለዚህ አትሄጂም?»

«አልሄድም መሰለኝ።»

«ደስ አለኝ ብል ትቆጪኛለሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምንም አልልም» አለችና ምንም ሳትል የእኔን ልብስ ከራሷ ጋር ጨምራ አጠበችልኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ኔትወርክ መጣ። ሦስት ነገር አብሮ ገባ።

አንደኛው ዑመር የላከው ቪዲዮ ነው። አልከፍት አለኝ። ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዑመር ድምፅ። «አገኘሁት። ሁለቱም ችካሎች ቆመዋል። አንድ ጥግ ላይ ነጥቷል፣ የቀረው ሕያው ነው። የቀረጽኩትን ስብሰባው ላይ ወስጄ አሳየኋቸው። ስለ መልሕቁም ነገርኳቸው። ሰሜኑ አልተከፈተም፤ ሁሉም መስመር እንደገና እስኪታይ ይቆያል።»

ሦስተኛውም እሱ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እኔን ከቆጠራ አውጥተው ጀልባ ላይ ብቻ እንድሠራ አድርገውኛል። ያንቺን ደብዳቤ ሰርዘውታል። በቦታሽ ሰልማ የምትባል ልጅ ይዘዋል። ጎበዝ ናት፣ ግን ሰሜኑን አታውቀውም። የስልክ ቁጥርሽን ሰጥቻታለሁ።»

ቦርሳውን ወደ ቦታው መለስኩት። አልከበደኝም ብል ሐሰት ነው።

ለሰልማ የሚነገር፦

ነፋሱ ሳይነሣ ውረጂ።
ጓንት አታድርጊ፤ ጓንት ያደረገ እጅ ሁሉን መንካት ያምረዋል።
ዑመር ደክሞት ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን አሳልፉት።
የመጀመሪያ ቀን አትቁጠሪ። ወርደሽ ዝም ብለሽ እዪው።

ስልኩን መስኮቱ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ነው። እስካሁን አልደወለችም።