ሐዘንተኛ አይነግድም

ሰበታ፣ ጥር 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ የባሌ ወንድም አሥራት፤

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ሁለቴ ቡራዩ ድረስ መጥቼ ሚስትህ «የለም» አለችኝ፤ ጫማህ ግን ደጃፉ ላይ ነበር። እንግዲህ አንብበው።

ባሌ ገብረየስ የሞተ ጊዜ ሱቄን ቆልፌ አርባ ቀን ተቀመጥኩ። ወጉ ነው፣ ታውቃለህ። አርባውን ቀን ሙሉ ከቤቴ ሳትጠፋ ንፍሮውን ስታዘግን፣ ለቀስተኛውን ስትቀበል፣ «አይዞሽ እታለም» ስትለኝ፣ እኔ ሞኟ ወንድም አለኝ ብዬ ነበር። ለካ ያን ጊዜ የጅማ መንገዱ ሱቆች ይፈርሱ ነበር! ለካ አከራዬ ኦቦ ገርባ «ጭቃውን በብሎኬት ልለውጥ ነው፤ ቦታዋን የምትፈልግ ከሆነ መጥታ ትፈርም» ብለው ሦስቴ ሰው ልከዋል። ሦስቴም መልእክተኛውን ከበር የመለስከው አንተ ነህ።

አርባው ወጥቶ ብሄድ ሰፈሩ ጠፋኝ። የሀሰኖ ጨው ቤት ፎቶ ቤት ሆኗል። የውብአየሁ ጠላ ቤት መስታወት ገብቶለት ቡና ቤት ተብሏል። የኔ ሱቅ፣ ከተጂ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ አቡጀዲና ክር የሚገዛበት፣ በገዛ እጄ አሥራ አንድ ዓመት ያቆምኩት፣ የብረት በር ተገጥሞለት ያንተ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ኦቦ ገርባን ያዝኳቸው። «አዴ ማሪቱ፣ ማላን ጎዳ? ምን ላድርግ? አሥራት ‹ሐዘንተኛ አይነግድም፣ እሷ ትታዋለች፣ በኔ ስም ይሁን› አለኝ» አሉ። መሬት መሬቱን ያያሉ። እሳቸውስ አፈሩ።

አንተ ግን ሰው ልከህ «እንዳትረበሽ ብዬ ነው፤ ደግሞም ለወንድሜ መታሰቢያ አድርጌለታለሁ» አልከኝ። መታሰቢያ ያልከው በሩ ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፍከው «ገብረየስ መደብር» ነው። ለሰው ሞት አነሰው! ገብረየስ ሾፌር ነበር፤ አንዲት ክንድ አቡጀዲ ቆርጦ አያውቅም። አንጀቴ አሯል አሥራት። ለሱ ያላለቀስኩትን ባንተ አለቀስኩ።

አሁን ስማኝ። ጥር 25 ሰማንያው ነው። ቤቴ ዳስ አልጥልም። ቄሶቹንም ዘመዱንም «ተዝካሩ ገብረየስ መደብር ነው» ብያቸዋለሁ። በሩን ብትቆልፈው ደጃፉ ላይ እንቆማለን፤ ለምን እንደተቆለፈ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። ከከፈትከው ደግሞ፣ ቄስ እየጸለየ የሟችን ሚስት ከሟች ቤት የምታስወጣ ወንድ ከሆንክ፣ ና አስወጣኝ። ሰው በልቶ ሲበተን እኔ አልወጣም። መቀሴን ይዤ ነው የምገባው።

የሱቁ ባለቤት፣
ማሪቱ