ቀን ቀን የሚነቀለው ፍሪጅ

ጥቅምት 5

ዛሬም የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሲበራ ዋለ። ውስጡ ማንም የለም። ማን አበራው? «እኔ አይደለሁም» ትላለች ልጄ። «እኔም አይደለሁም» ይላል ባሌ። አማቴ ጭራሽ አልሰሙም። ራሱን አብርቶ ነዋ እንግዲህ...

ባሌ የሚሠራበት ብየዳ ቤት ሥራ ከቀዘቀዘ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚጠሩት። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላና መጋረጃ ስሰፋ ውዬ፣ ወገቤ ተቆርጦ እመጣለሁ። ስገባ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ቴሌቪዥኑ ለወንበሮቹ ያወራል። ቻርጀሩ ስልክ ሳይኖረው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ቆሽቴ አረረ።

የሳሙና ቁርጥራጭ በአሮጌ ካልሲ ሰብስቤ የማስረው እኔ። የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ በመቀስ ቀድጄ ለአራት ቀን የማብቃቃው እኔ። መሃሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ተርትሬ፣ ዳር ዳሩን ወደ መሃል አዙሬ የምሰፋው እኔ። ስስታም የምባለውም እኔ። ባሌ «ወይዘሮ ቆጣሪ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ይሳቅ። ቤቱ ጨለማ ሲሆን እናያለን የሚስቀውን።

ጥቅምት 8

ደረስኩበት። ሁሉን አጥፍቼ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ይዞራል። ምኑ ነው? ፍሪጁ! እኔ ሥራ፣ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ባሌም ባይጠሩት ሥራ ፍለጋ፣ ቤት የሚውሉት አማቴ ብቻ። የሳቸውንም ምሳ ሸፍኜ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ነው የምወጣው። ታዲያ ይሄ ለማን ብሎ ነው ሲያጉረመርም የሚውለው? ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ስወጣ እነቅለዋለሁ፣ ማታ ስገባ እሰካዋለሁ።

«የእማዬ መድኃኒትስ?» አለ ባሌ።

ኢንሱሊኑን ነው። አማቴ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ የሚወጋቸው እሱ ነው።

«ለኔ ተወው» አልኩት።

መቼም የኔ ጭንቅላት ባይኖር ይሄ ቤት... ሦስቱንም ብልቃጥ ከላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተትኳቸው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቢነቀልም በረዶው አይሟሟም። ስነሳ የተከፈተውን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፣ ባሌ ፊቱን ታጥቦ እስኪመጣ ይለቀዋል። ማታም እንዲሁ። ሥጋስ ቢሆን በረዶ ቤት ሲገባ አይደል የሚቆየው? ካርቶኖቹን አልጣልኳቸውም። ጠንካሮች ናቸው፣ የልብስ ቁልፍና መርፌ አስቀመጥኩባቸው።

ጥቅምት 15

ቆጣሪው ዝግ ብሏል። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ለማንም አልነገርኩም፣ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። አንድ ቀን «ጎበዝ» የሚል አፍ ከዚህ ቤት አይወጣ።

ጥቅምት 19

አሁን ደግሞ ውሃ። አማቴ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ውሃውን ይለቁታል፣ ይመለሳሉ፣ አንድ ጆግ ውሃ ይጨልጣሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። በሄዱ ቁጥር ያ ሁሉ ውሃ ገደል ገባ። መብራቱም እንደበራ።

«እማማ፣ በየጊዜው ባይለቁትስ?» አልኳቸው። በትህትና ነው ያልኩት። ይመስለኛል።

«እሺ ልጄ» አሉ። አፈሩ። እኔም ትንሽ... ግን ምን ላድርግ? ጠርሙስ አሸዋ ሞልቼ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ የሚይዘው ውሃ እንዲቀንስ።

ጥቅምት 24

ዛሬ ስኳራቸው ተለካ። ድሮ ባሌ በየሁለት ቀኑ ነበር የሚለካቸው። የመለኪያው ወረቀት እንዴት ያለ ውድ ነገር መሰላችሁ... ለማን ነው የማወራው? ብቻ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይበቃል ብዬ ነበር። ጣታቸውን ወግቶ ቁጥሩን አየ። ከድሮው እጥፍ ሆኗል።

«እማዬ፣ ምን በላሽ?»

«የሰጣችሁኝን።»

እሱ እኔን አየኝ። እኔ የስኳሩን ብርጭቆ አየሁ። ጎድሏል ልበል?

ጥቅምት 25

ጠዋት ብርጭቆው ላይ፣ ስኳሩ የደረሰበት ቦታ፣ በልብስ ጠመኔዬ መስመር አሰመርኩ።

ጥቅምት 28

አንድ ጣት ወርዷል! እኛም ሻይ እንጠጣለን፣ አውቃለሁ። ግን በሦስት ቀን አንድ ጣት? እኔ እኮ ሻዬን ያለ ስኳር ለምጃለሁ። ለማን ብዬ ነው የለመድኩት? ቀን ቀን ብቻቸውን እየዋሉ በማንኪያ እንዲዝቁት? ብው አልኩ። ብርጭቆውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 3

ከስተዋል። ቀሚሱ ላያቸው ላይ ይንሳፈፋል፣ ባለፈው ወር እኮ ነው ጎኑን ያሰፋሁላቸው። ባሌ እንደገና ለካቸው። ብሷል።

አልቻልኩም። ራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩን። ከየት እያመጡ ነው?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ጣፋጭ ቀምሼ ከሆነ ይሄንን ልጄን ይንሳኝ» አሉ።

ባሌ አቀረቀረ። በአንድ ልጅ ይማላል? ለስኳር? እንደዚያ ብለው ሲምሉ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ሐቀኛ ሰው ምን መሐላ ያስፈልገዋል አልኩ በልቤ።

ኅዳር 6

ፍራሻቸውን ገለበጥኩ። እሳቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች። «ዝም በይ» አልኳት።

ትራሱ ሥር አንድ የከረሜላ ወረቀት አገኘሁ። የሳል ከረሜላ። አንዲት ወረቀት ነች፣ ግን አገኘሁ! ራት ላይ ከሳህናቸው አጠገብ አኖርኩላቸው። ወረቀቷን አነሱ፣ አጠፏት፣ እንደገና አጠፏት፣ እጃቸው ውስጥ ያዟት። ልጄ ሳትበላ ተነሳች።

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ለሰው ስትደክም ክፉ የምትባለው አንተው ነህ።

ኅዳር 9

ሥራ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ከአልጋቸው አልተነሱም።

«ልጄ... ምናልባት ሳላውቀው እበላ ይሆናል» አሉኝ። «ዕድሜ ነው። ጭንቅላቴ እየሄደ መሰለኝ። ብበላ ኖሮ አስታውሰው ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ግን ቁጥሩ አይዋሽ። ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደል» አልኳቸው። እንደ ዳኛ። ፍሪጁን ነቅዬ ወጣሁ።

ኅዳር 11

አማቴ ወደቁ። ሆስፒታል ነን።

ኅዳር 13

ተርፈዋል። ዓይናቸውን ገልጠዋል። ግን ይሄን መጻፍ አልፈልግም። ልጻፈው።

ሐኪሙ «የምትወጓቸውን ብልቃጥ አምጡ» አለ። ከቤት አመጣሁ። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ አነሳችው። ብልቃጡ ውስጥ ነጫጭ ቅንጣት ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። እኔ እኮ አይቼዋለሁ፣ ስንት ቀን... እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«በረዶ ቤት፣ ወር አልፎታል» አልኩ። በኩራት! እግዜር ያሳያችሁ፣ በኩራት ነው ያልኩት።

ብልቃጡን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ኢንሱሊን በረዶ ከመታው አለቀ» አለች። «ቢሟሟም አይመለስም። አንድ ወር ሙሉ ያልሆነ ነገር ነው የወጋችኋቸው።»

«ፍሪጁን ቀን ቀን ስለምነቅለው... እንዳይሞቅ ብዬ...»

«የተከፈተው ብልቃጥ ጥላ ቦታ፣ ቤት ውስጥ ብታስቀምጪውም አንድ ወር ይቆይልሽ ነበር። ካርቶኑ ላይ ምልክቱ አለ እኮ።»

መጀመሪያ እሷ ላይ ነው የጨስኩት። ሲሰጡኝ ለምን አልነገሩኝም? ከዚያ ፋብሪካው ላይ። ከዚያ ባሌ ላይ፣ ለምን እሺ አለኝ? ከዚያ ሰው አለቀብኝ።

ኅዳር 14

ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኳቸው። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። አለ። ጎኑ ላይ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል፣ በላዩ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ይሄን ሁሉ ቀን ቁልፍ ባወጣሁ ቁጥር አይቼዋለሁ። የፋብሪካው ዓርማ ነበር የሚመስለኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምትባለዋ ሴት እኔው ነኝ። ለመሆኑ ያቺ ሴትዮ ኋላ ምን አደረገች? ተረቱ አይነግርም።

ከሰዓት ሆስፒታል ስደርስ ባሌ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጦ «እማዬ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ፣ እኔንም ትገድይኛለሽ» ይላቸዋል። እሳቸው ጣሪያውን እያዩ «እሺ» ይላሉ። የመድኃኒት ክፍሏ ሴትዮ የነገረችው ለኔ ብቻ ነው። ማንም አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል... ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አዲሱን ብልቃጥ በቦታው አስቀምጣለሁ፣ ስኳራቸው ይወርዳል፣ «አየህ፣ መስረቅ ሲያቆሙ ተሻላቸው» እንባባላለን። ይሄን አሰብኩት። አስቤዋለሁ፣ እዚሁ ይጻፍብኝ።

ሁለት ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ። ቁጠባ አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ነው።

ኅዳር 17

ወደ ቤት ገቡ። ራት ቀረበ። ሁሉም ሳይነኩት፣ ተናገርኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት። በረዶ ቤቱን፣ ካርቶኑን፣ ሴትዮዋ ያለችኝን። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ባሌ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ወጣ። በሩን አልዘጋውም፣ ብርዱ ገባ፣ ማናችንም አልተነሳንም።

አማቴ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። የሳቸው አይመስልም።

«እኔ እኮ ጭንቅላቴን ነው የጠረጠርኩት» አሉ። «ፍራሼን ገለበጥሽ፣ እሺ። ስኳር ቆለፍሽብኝ፣ እሺ። ግን አበድኩ ብዬ ብቻዬን ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት። በልጄ ምዬ ዋሸሁ ብዬ፣ ልጄን በላሁት ብዬ። አንቺ ደግሞ ‹ምንም አይደል› አልሽኝ። ይቅርታ ለምኜሽ ‹ምንም አይደል› አልሽኝ!»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ዛሬ አልልም» አሉ። «ነገ ጠይቂኝ።»

ኅዳር 18

ጠየቅኳቸው። «አልልም።»

ኅዳር 20

«ገና ነኝ» አሉ። የስኳር ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው መሃል ተመልሷል። ጠመኔውን አጥቤዋለሁ። ባሌ ከወጣበት ተመልሷል፣ ግን የሚያወራኝ ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ነው፣ እሱም ከጠየቅኩት። እናቱ እግር ሥር ሲቀመጥ አየሁት፣ ጉልበታቸውን ይዞ። መድኃኒታቸውን እንድነካ አይፈቅዱም። ስጠጋ ብልቃጡን ወደ ደረታቸው ያስጠጉታል። ልክ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፣ ውስጤ ግን ይነዳል። በማን? በዚያች ብልጥ ሴት። ባገኛት ባነቅኳት።

ኅዳር 23

እንደ ድሮው «እሺ ልጄ» ማለት ትተዋል። ዛሬ አሸዋ የሞላሁበትን ጠርሙስ ራሳቸው አውጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «ሁለቴ ሲለቀቅ ከአንድ ሙሉ ይበልጣል፣ ይሄ ምን ቁጠባ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ ስለማይበቃ ሁሉም ሁለቴ ነው የሚለቀው። «ከእንግዲህ ብልሃት ሲመጣልሽ መጀመሪያ እኔን አማክሪኝ፣ እኔም ቤት ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ» አሉ። ልጄ ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። በኔ ነው የሳቀችው። ይሁን።

ፍሪጁ አሁን አይነቀልም። ሲያጉረመርም ይዋል። መብራት ግን አሁንም ማንም አያጠፋም፣ አሁንም ያናድደኛል። ሄጄ እኔው አጠፋዋለሁ፣ አፌን ዘግቼ።

ኅዳር 29

ብየዳ ቤቱ ሥራ አግኝቶ ባሌ ሳይነጋ ወጣ። ልጄ ፈተና ነበረባት፣ እሷም ወጣች። ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን፣ የመድኃኒቱም ሰዓት ደረሰ።

በር ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው፣ እንደየቀኑ። «ዛሬስ እማማ?»

«ገና ነኝ» አሉ።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። ብልቃጡንና መርፌውን በጨርቅ ላይ አዘጋጅተዋል። መነጽራቸውን አድርገው ልክ መጠኑን በጣታቸው አሳዩኝ። እስከዚህች፣ አንዲት እንዳታልፍ። «ሙዪው» አሉኝ፣ ሞላሁት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ቀጭን ሆኗል፣ ግን እንደዚያ ቀን አይደለም።

«ውጊ እንግዲህ» አሉኝ። «እያየሁሽ ነው።»