የሐመድ ማንጎ በኔ ጣሪያ ላይ

መጋቢት 30

ይህ ማንጎ አንድ ቀን ይገድለኛል። መክሰስ አለብኝ... ግን ማንን? ግንዱ ያለው በጎረቤቴ በሐመድ ግቢ። ቅርንጫፉ አጥር የተሻገረው በራሱ ፈቃድ። ቆርቆሮው የኔ። ጥሬውም ይወድቃል፣ የበሰለውም ይወድቃል፣ ሁሉም እኔ ላይ።

ዛሬ የመጀመሪያው ክፍል ነበር። ሃያ ሦስት ተማሪ፣ ሁሉም በየስልኩ። መምህርታችን ለተማርያም አዲስ አበባ ተቀምጣ፣ "ጋሽ ዋኘው፣ የሥነ ልቦና አማካሪነት ለመማር ለምን ፈለጉ?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ... ዷ! ሁሉም ደነገጠ።

"ምንድን ነው የፈነዳው?"

"ማንጎ ነው። አሶሳ ውስጥ ሰው ሊዋሽ ሲል ይወድቃል።"

ሳቁ። ለተማርያምም ሳቀች። ጥያቄው በዚያው ቀረ።

ለራሴ ልመልሰው? ጥፋቱ የየዝና ነው። የእህቴ ልጅ፣ ነርስ፣ እኔ ቤት የምትኖር፣ ሻዬ ላይ ስኳር እየቀነሰች የምታሰቃየኝ። ባለፈው ወር፣ "ጋሼ፣ አንተ ሰው ታስቃለህ እንጂ ሰው አትሰማም" አለችኝ። "እሰማለሁ!" "አትሰማም።" ተወራረድን። ሥልጠናውን ጨርሼ ካለፍኩ አንድ ወር ሸሚዜን ትተኩሳለች። ካቋረጥኩ አንድ ወር ዕቃ አጥባለሁ። አሥር ሳምንት ነው። ያለፈ ሰው እዚሁ ወጣት ማዕከል ቁጭ ብሎ የተጨነቀ ሰው ያዳምጣል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይልካል።

ቅጹን የሞላችው እሷ ናት። የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ "ራሱን ያስተማረ" ብላ ጻፈች። "አስተማሪውም ተማሪውም ሰነፍ" ብዬ ልጨምር ስል ስልኩን ቀማችኝ።

ሚያዝያ 4

ኔትወርክ የሚይዘው በአንድ መስኮት ብቻ። በሐመድ በኩል ባለው። ዛሬ በአጥሩ ላይ አየሁት።

"ሐመድ! ማንጎህ ትምህርቴን እያቋረጠ ነው። መማር ከፈለገ ይመዝገብ!"

ሳቀ። ሁሌ ይስቃል። ከዚያ የሰሊጥ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ።

ከመተከል አሶሳ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን የስፌት መኪና ስጠግን አጠገቤ ተቀምጦ ብሎኑን ያቀበለኝ ሐመድ ነው። ማታ ማታ እኔ ቤት ራዲዮ እንሰማ ነበር። ልጁ ሙንታሲር ከሞተ ወዲህ ግን... ስድስት ዓመት። ደጄን አልረገጠም። አልተጣላንም። ሰላም ይለኛል፣ ይስቅልኛል። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ይበዛል?

ሚያዝያ 12

መብራት ጠፋ። ትምህርት የለም። ርዕሱ ስለ ጭንቀት ነበር። ተጨነቅኩ።

ሚያዝያ 20

ዛሬ ሁለት ሁለት እየሆንን ተለማመድን። አንዱ እውነተኛ ነገሩን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የኔ ባልደረባ ዋቅሹማ፣ ባምባሲ ከተማ አስተማሪ ነው። እናቱ ሲሞቱ እሱ ሩቅ ነበር። መኪና አጥቶ ቀብሩ አመለጠው። "እስከ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ቀብሩ ላይ ነበርኩ እላለሁ" አለ። ድምፁ ቀጠነ።

እኔ ምን አልኩ? "አይዞህ፣ ደርሰህ ቢሆን ንግግር አድርግ ይሉህ ነበር።"

ሳቀ ዋቅሹማ። ከዚያ ካሜራው ተበላሸብኝ ብሎ አጠፋው።

በኋላ ለተማርያም ለብቻዬ ደወለችልኝ።

"ጋሽ ዋኘው፣ ሲስቅ ምን አዩ?"

"ቀለል ሲለው።"

"እኔ ሲያቆም ነው ያየሁት። ሊነግርዎ የጀመረው ነገር ነበር። እርስዎን ላለማስቀየም ሳቀና ተወው።"

ስልኩን ቀልድ ሳልመርቅ ዘጋሁት። እኔ!

ሚያዝያ 21

ሥራ እጄ አልገባ አለኝ። የሰፊዎቹን መኪና ፈታትቼ አስቀምጬ ዝም ብዬ አያለሁ።

በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ሁለት ነገር ነው የሚፈለገው፤ ድንኳንና ዋኘው። "ዋኘውን ጥሩት፣ ሐዘንተኛውን ያጫውት።" እሄዳለሁ። ፍራሽ ላይ እቀመጣለሁ። ያላየሁትን አየሁ፣ ያልሆነውን ሆነ እላለሁ። ያለቀሰ ይስቃል። "አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!" ይሉኛል። እኮራለሁ። መኩራት ብቻ? ሰው ሲሞት ይጠሩኛል ብዬ እስከመጠበቅ ደርሻለሁ።

የሙንታሲር ለቅሶ ላይም ሦስቱንም ቀን ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ በአምስት ቀን ትኩሳት የሄደው። የሐመድ ዓይን ውሃ ባቀረረ ቁጥር አንድ ወሬ አነሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ወደኔ ዞሮ፣ "ዋኘው፣ በመጨረሻዋ ሌሊት ሙንታሲር ውሃ ስጡኝ አለና..." ብሎ ጀመረ።

ወዲያው ገባሁበት። አህያ ጭና ውሃ ስለምትሸጥ ሴት አንድ ተረብ ነበረችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐመድም ሳቀ።

ውሃ ስጡኝ አለና... ከዚያስ? ምን ሊለኝ ነበር? ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ 29

ሄድኩ። እንደተማርኩት። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

"ሐመድ፣ በአሁኑ ሰዓት ምን ይሰማሃል?"

"ረሃብ።"

"አይ፣ በውስጥህ..."

"እሱም በውስጤ ነው።"

መሳቅ አማረኝ፣ ቻልኩት። "ስለ ሙንታሲር ልትነግረኝ ትችላለህ?" አልኩ። ፊቱ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወረደ።

"ሰብር አድርገናል፣ ችለናል፣ ዋኘው። አለቀ።" ተነሳ። በር ላይ ዞሮ አየኝ። "ታመሃል እንዴ?"

ግንቦት 5

ከሐመድ ሚስት ከነዕማ ጋር በአጥሩ ቀዳዳ አወራን። አማርኛዋ አጭር ነው። እኔ በሷ ቋንቋ የማውቀው ደግሞ ሰላምታና ስድብ ብቻ።

"ለምን ጠየቀ ሐመድን? ስለ ልጅ?"

"ጥፋት ያጠፋሁ መሰለኝ፣ ነዕማ። ለቅሶው ላይ።"

 የምታሰጣውን ልብስ ደጋግማ አራገፈች።

"አንተ ሰው አሳቀ። ሐመድም ሳቀ። ከዛ ወጣ፣ ቤት ኋላ ሄደ። ጨርቅ አፉ ላይ አደረገ። እንዳይሰማ። ብቻውን አለቀሰ።"

"አሁንስ?"

"አሁን አያለቅስም። አሁን ዝም።"

ሙሉውን ቀን መርፌ እንኳ ማስገባት አቃተኝ።

ግንቦት 9

ቀልድ ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ። ውጤቱ ይኸው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ተሰብስበው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። አንዱ ጸበል አለኝ፣ አንዱ ሽንት አስመርምር አለኝ። የዝና ደም ግፊቴን ለካችኝ። "ደህና ነህ። ምን ሆነህ ነው? ትላንት ሻይ ያለ ስኳር ሰጥቼህ ዝም ብለህ ጠጣህ!"

ለተማርያም ጋ ደወልኩ።

"ቀልድዎን ማን ከለከለዎ?"

"አንቺ!"

"እኔ ሰውየው ይጨርስ ነው ያልኩት። ከጨረሰ በኋላ ይቀልዱ።"

"እኔ ጋ ጨርሶ የሚያውቅ ሰው የለም እኮ፣ ልጄ።"

ሳቀች። ስለ ሐመድም ነገርኳት። ስሙን ሳልጠራ። "እሱ ታካሚዎ አይደለም" አለችኝ። "ጥያቄ ይዘው አይሂዱበት። እንደ ጓደኛ ይሂዱ።"

እንደ ጓደኛ እንዴት ነበር የሚኬደው? ድሮ አውቀው ነበር።

ግንቦት 17

ጣሪያዬ ላይ የወደቀውን ማንጎ በየዓመቱ በአጥር ላይ መልሼ እወረውርለት ነበር። "ልጆችህ ጠፍተው እኔ ጋ መጡ" እያልኩ። እንዲህ እል ነበር... ልጁን ለቀበረ ሰው። ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ። 

ዛሬ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በሳፋ ይዤ በበሩ ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኩም። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ ትለናለች ለተማርያም። አርባ ደረስኩ። ምላሴ እንደታሰረ ወጠጤ ይታገለኛል። ሐመድ ስለ ዝናብ አወራ። ስለ ሰሊጥ ገበያ አወራ። አቆመ።

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ረጅም ቀርቀሃ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ የጆንያ ከረጢት ታስሯል። ሸረሪት አድርቶበታል። የሙንታሲር ማንጎ ማውረጃ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው። ሳየው ሐመድ አየኝ።

"ድሮ እንዲህ አይወድቅም ነበር" አለ።

ዝም አልኩ።

"እሱ ነበር የሚያወርደው። ጥሬ አይነካም። የበሰለ መሬት አያስነካም።"

ዝም አልኩ። ማንም አያምነኝም፣ ግን ዝም አልኩ።

ሌላ አልጨመረም። ብዙ ቆይቼ፣ "ሐመድ... ለቅሶህ ላይ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምረህ አቋረጥኩህ። ስለ ውሃ። በቀልድ አቋረጥኩህ። ይቅር በለኝ" አልኩት።

የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ወጣ። አላየኝም። ማንጎው ከነሳፋው እዚያው ቀረ።

ግንቦት 25

ስምንት ቀን። ሰላምታ የለም። ሳቅም የለም። መንገድ ላይ አጎንብሶ አለፈኝ። ቢያንስ ድሮ ይስቅልኝ ነበር... የነበረችውንም አጣሁ? የደረቀ ቁስል ነካካሁ?

የዝና እራት እያቀረበች፣ "ጋሼ፣ እሱ አንተን ስድስት ዓመት ጠብቆሃል። አንተ ስምንት ቀን አቃተህ?"

ይህች ልጅ ከማን ወጣች?

ሰኔ 3

ፈተና። ለተማርያም በስልኩ ትመለከታለች። ከማን ጋር ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? ከዋቅሹማ።

በመጀመሪያ ያን ቀን ስላቋረጥኩት ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ተወው፣ ተወው አለኝና... ጀመረ። ስለ መንገዱ፣ ስለጠበቀው መኪና፣ እናቱ ስላቆዩለት ጋቢ። ዷ! አለ ማንጎው። ማንም አልሳቀም። እኔም አልተናገርኩም። አለቀሰ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ሲጨርስ አፍንጫውን ጠራረገና፣

"ጋሽ ዋኘው፣ አሉ? ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ነበር።"

በቀልዱ እኔው ነኝ የሳቅኩት። ለካ ከጨረሰ ሰው የሚመጣ ቀልድ ይጣፍጣል።

አለፍኩ! ሰባት ሸሚዝ አውጥቼ የዝና አልጋ ላይ ቆለልኩ። አንዱ ተቀዷል። እሱም ይተኮስ።

ለሐመድ ግን ልነግረው አልቻልኩም። በአጥሩ በኩል ቆሜ ተመለስኩ።

ሰኔ 10

ነገ ወጣት ማዕከል እጀምራለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር ሰጥተውኛል። ወንበሮቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ ብሎን ይዤ እሄዳለሁ። ፈራሁ? ትንሽ። የተተኮሰ ሸሚዝ ሰቅዬአለሁ።

የዝና ተረኛ ናት። ብቻዬን ነኝ። ለመዘጋጀት ጥሩ ጊዜ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ረበሸኝ። ጣሪያው ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል። አንድም ማንጎ አልወደቀም። ለአሥር ሳምንት ሲደበድበኝ ኖሮ ዛሬ ምን ሆነ? አኮረፈ?

ቆይ... ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ነፋስ የለም።

በመስኮቱ አየሁ። ቀርቀሃው ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቷል። ይወዛወዛል። ከረጢቱ ማንጎውን ይስታል፣ ይመለሳል፣ ይስታል። ያዡ ጎበዝ አይደለም። ከሥር ነዕማ በሷ ቋንቋ ትጮህበታለች፣ ወደ ግራ የምትል ይመስለኛል። አንድ ገባ። አንድ ደግሞ። መሬት አልነካም።

ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው።  ሄጄ አጥሩ ላይ ልቁም? አይ። ይጨርስ።

ቀርቀሃው ወረደ። ጸጥ አለ።

የግቢዬ በር ተከፈተ። እርምጃ... የዝና ሌሊቱንም ተረኛ ናት። ማን ነው?

ተንኳኳ።

"ዋኘው!" የሐመድ ድምፅ ነው። በኔ በር ላይ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ዋኘው፣ አለህ? ውሃ አለህ?"

ስለ ውሃ አንድ ቀልድ መጣልኝ። ወዲያው መጣ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ጥሩ ቀልድ ናት።

ትቆይ። ሁለት ብርጭቆ። ማሰሮው ሙሉ ነው። ልክፈትለት።