«ሲቃረብ ገለል ይላሉ» ላሉት ጓድ

ቆቦ፣ ሚያዝያ 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አላምረው
ከአየር የሚወርድ እህል አቀባበል አስተባባሪ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ባለፈው ቅዳሜ በሬዲዮ ብዙ የደከመው ጉሮሮዎ እንዴት እንደሰነበታችሁ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ በዚህ ከተማ ክሊኒክ የማገለግል የጤና ረዳት ነኝ። ደህና ነኝ እንዳልልዎ፣ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ እንኳ በአስፋልቱ ላይ መኪና ባጓራ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ ደጅ እየወጣሁ ሰማይ አያለሁ። አውሮፕላኑ የሚመለሰው ሐሙስ እንደሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ገና ማክሰኞ እንደሆነ አውቃለሁ። እግሬ ግን አልሰማ ብሎኛል።

ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈውም ድፍረት ተሰምቶኝ አይደለም። በቢሮዎ በኩል ላመለክት ብሞክር ተራዬን እንድጠብቅ ስለታዘዝኩ፣ ተራው በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ቶሎ ይደርስ እንደሆነ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከተማው ውስጥ ላልነበረ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እህሉ የሚመጣበት የዋጃ መንገድ ለጭነት መኪና የሚያስተማምን ስላልሆነ፣ በድርቅ ለተጎዳው ወገን የተላከው ስንዴ ከአውሮፕላን እየተጣለ እንዲወርድልን ተወሰነ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከከተማው በታች ካለው ሜዳ መሐል ነጭ ሸራ ይነጠፋል፤ ሰው ሁሉ ከሜዳው ይርቃል፤ እርስዎ በሬዲዮ ሜዳው ነፃ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ፓይለቱም ዝቅ ብሎ እየበረረ ጆንያውን ነጩ ላይ ይለቃል። ይህን ያቀዱት ሰዎች ያላሰቡበት አንድ ነገር ቢኖር የእርስዎ ትጋት ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ሸራው አመሰግናለሁ። ያን የመሰለ ነጭ ሸራ አንዳች ሳይጻፍበት መሬት ላይ ተነጥፎ እንዲውል አንጀትዎ ስላልቻለ፣ በቀይ ቀለም የአቀባበል መፈክር አስጽፈውበት በሁለት እንጨት ተወጥሮ እንዲቆም አደረጉ። አንደኛውን እንጨት ያስያዙት ማናለብሽን ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የተመረጠችው ቁመቷ መለል ያለ ስለሆነ ነው። ሁለተኛውን ወይዘሮ ራህመት ያዙ። ፓይለቱ ነጭ ያየህበት ላይ ጣል ተብሎ ነው የመጣው። የእኛን መፈክር አንብቦ ስሜቱ አለመነካቱ የራሱ ድክመት ነው።

2ኛ. ስለ ሰልፉም አመሰግናለሁ። የቀበሌው ሴቶች በሙሉ ነጭ ነጠላ ለብሰው በሸራው ግራና ቀኝ እንዲቆሙ፣ አውሮፕላኑ አልፎ እስኪሄድም ከመስመሩ ንቅንቅ ያለች ከራሽን እንደምትሰረዝ በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። በዚህ ዓመት እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዴት ጆሮ እንደሚያገኝ ልንገርዎት? አልጋ ላይ አስተኝቻቸው የነበሩ ሁለት በሽተኞቼ ተነሥተው ወጥተው ቆመዋል።

3ኛ. ስለ ሬዲዮው። ሬዲዮው ከሜዳው ዳር መሆን ሲገባው፣ መስኮቱ አስፋልቱን እንጂ ሜዳውን በማያሳየው ቢሮዎ ውስጥ መቀመጡን የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልተባበራቸውም። ሜዳውን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሜዳው ነፃ ነው ብሎ ለመናገር አፉ ሊተሳሰርበት ይችላል። ያን ዕለት ጠዋት የሰልፉን አቋቋም ሳይ ነፍሴ ስላላረፈች እስከ ቢሮዎ በሩጫ መጥቼ፣ በርዎ ላይ ሆኜ ሜዳው ላይ ሰው አለ አልኩ። እጅዎን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። የሬዲዮ ሠራተኛው ሙላው የፓይለቱን እንግሊዝኛ ለእርስዎ፣ የእርስዎን አማርኛ ለፓይለቱ አንድ ቃል ሳያጎድል ያመላልስ ነበር። ፓይለቱ በነጩ ዙሪያ ሰው ይታየኛል አለ። እርስዎ ለበላይ አካል በላኩት ዕቅድ ሜዳው ከማለዳ ጀምሮ ነፃ እንደሚሆን ፈርመው ስለነበር፣ ሰው የለም በለው አሉ። ፓይለቱ ዞሮ ተመለሰና ኧረ ሰው ነው፣ ብዙ ሰው ነው አለ። ያኔ ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ ሥነ ሥርዓት ያላቸው ተቀባዮች ናቸው፣ ሲቃረብ ገለል ይላሉ በለው አሉ። እንግዲህ ሰማይ ላይ ያለው ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ይሸሻሉ ብሎ አመነ። መሬት ላይ ያሉት ደግሞ የሸሸ ይሰረዛል ብለው አምነዋል። ሁለቱንም ያሳመኑት እርስዎ ነዎት። ይህንኑ ልነግርዎ አፌን ስከፍት፣ ተራህን ጠብቅ፣ ደግሞም በቀበሌህ ሊቀ መንበር በኩል አቅርብ ብለው መለሱኝ። ያን ጊዜ ማይክራፎኑን ከሙላው እጅ ለምን እንዳልነጠቅኩ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

4ኛ. ስለ ውጤቱ። ጆንያዎቹ ሸራው ላይ ወደቁ፤ እንዲህ ያለ ዒላማ የማይስት ፓይለት በመላው ዓለም ቢፈለግ አይገኝም። ወይዘሮ ራህመት «ያ አላህ!» ብለው እንጨቱን ጥለው ስለሮጡ ተረፉ፤ በማግሥቱም መስመር ለቀዋል ተብለው ከራሽን ተሰረዙ። ማናለብሽ ግን ትእዛዝ አክባሪ ናት። እናቷ ወይዘሮ ከፈለች እኔ ክሊኒክ ወለል ላይ ቁጭ ብለው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሩጪ ልበላት ሲገባኝ ልጄን እንጨቱን አጥብቀሽ ያዢ አልኳት፤ ትንንሾቹ ምን ይበላሉ ብዬ።» የእርስዎ ሪፖርት ደግሞ ለአደጋው ምክንያት የሆነው የሕዝቡ የንቃት ጉድለት ነው ይላል። ወይዘሮ ከፈለች ማንበብ ስለማይችሉ እስካሁን አልተቀየሙዎትም።

5ኛ. ስለ መኪናው። ልጅቷ ከወገቧ በታች ተሰባብራለች፤ ሆዷም እያበጠ ነው። በእኔ ፋሻና ማስታገሻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ወልድያ ሆስፒታል መድረስ አለባት። የቢሮዎን መኪና እሑድ ጠየቅኩ፤ ሰኞ ጠየቅኩ፤ ዛሬም ከጠዋት ጀምሬ ደጅዎ እየተመላለስኩ ነው። መኪናው ድምፅ ማጉያውን ጭኖ የሐሙሱን ሰልፍ ለመቀስቀስ ሮቢት ወርዷል አሉኝ። የሐሙሱ ሰልፍ ከቅዳሜው እንደሚበልጥ፣ ተማሪዎችም ከፊት እንደሚቆሙ ከዚያው ድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ።

ከእንግዲህ ምስጋናዬን ልጨርስና ልለምን። መኪናውን ዛሬውኑ ይስጡኝ። ሐሙስ ደግሞ ወይ ሕዝቡን ከቤቱ ያውሉልን፣ ወይ ሬዲዮውን ይዘው ከሸራው ሥር ይቁሙና ፓይለቱን ከዚያ ሆነው ያነጋግሩት። ሦስተኛ ነገር አልጠይቅም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ድምፅ ማጉያዎ፣ ስለማያጠራጥረው ፊርማዎም ደግሜ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ጣሪያ ካለው ቢሮዎ ለዘወትር እንዳይለዩ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ፈንታው አያሌው
የጤና ረዳት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ የክሊኒኩን ግቢ ሴቶች ሞልተውት አገኘሁ። ነጠላቸውን በበርሜል ጥቁር ቀለም እየነከሩ ነው። ሐሙስ ውጡ ከተባልን እንወጣለን፣ ነጭ ለብሰን ግን አንቆምም፣ ያ ሰውዬ ከላይ ሆኖ ይለየን ይላሉ። ስለዚህ ሰልፍዎ አይጎድልም፤ አይስጉ። ወይዘሮ ከፈለች ግን ነጠላቸውን የነከሩት ለፓይለቱ ብለው አይደለም። ማናለብሽ ከቀትር በኋላ ዐርፋለች። መኪናው ከሮቢት ሲመለስ ወደ እኛ አይላኩት።