በጥር ወር ከማንጎ ዛፍ የወደቁት አሥራ አንድ ሴቶች

እናንተዬ የዚህ ገጽ አንባቢዎቼ፣ ደብቄያችሁ የቆየሁት አንድ ጉድ አለ። እኔ ቢታንያ፣ የአርባ አንድ ዓመቷ ሴትዮ፣ በሆስፒታል ካርዴ ላይ «ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ወገቧን የተጎዳች» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ማንጎ የበላሁት ከዛፉ ሥር ቆሜ ነው። ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ ለሚመለከታቸው ሰው ነው፤ እናንተ ግን ጠጋ ብላችሁ አንብቡ።

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
አሶሳ

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎስ? ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደተመቸዎት ይኖር ዘንድ ምኞቴ ነው።

አንደኛ፦ በታኅሣሥ በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ በር ላይ «የወር አበባ ሕመም ተፈጥሯዊ ስለሆነ እዚህ አይስተናገድም» ብለው ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። ምጥም ተፈጥሯዊ ነውና፣ የማዋለጃ ክፍሉን እስካሁን ስላልዘጉብን ደግሞ እጥፍ ምስጋና ይድረስዎ። የክፍሉ ባለሙያ ቢሊሴ ወገባችንን በሙቅ ፎጣ እያፍታታች፣ ጉልበት ወደ ደረት መሳብና አተነፋፈስ እያስተማረች ሰው አድርጋን ነበር። ሆሞሻ ወረዳ አራተኛ ክፍል የምታስተምረው ጎረቤቴ ነዕማ በየወሩ ሁለት ቀን ምንጣፍ ላይ ተጣጥፋ ትተኛ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ሕክምናዋ ግን ጠመኔዋን ይዛ ቆማ አስተማረች። ማስታወቂያዎ ሲለጠፍ ተመልሳ ተኛች። እንቅስቃሴውን ቤቷ ብቻዋን ልሞክር ብላ ወገቧ ተቆልፎባት እኔ ነኝ ደግፌ ያነሣኋት። አሁን በሙከራ ቅጥር ላይ ሳለች ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ አንድ ቀን ከቀረች ትሰናበታለች። ቀጣዩ ወሯ የካቲት አሥራ አምስት ገደማ ነው። ቀኑን አደባባይ ማውጣቴ ነውር ከመሰለዎት፣ እሷው ናት «ወላሂ ጻፊው፤ ሥራዬ ከሄደ በኋላ የማፍርበት ምን ይተርፈኛል?» ያለችኝ።

ሁለተኛ፦ የካርድ ክፍሉ ዲሳሳ «የወር አበባ» የሚለውን ቃል አፉ ላይ ማምጣት የማይችል ዓይን አፋር ሰው ነው። ወደ ቢሊሴ የሚመራን ቅጽም ላይ ያሉት ምክንያቶች የመኪና አደጋ፣ ከባድ ሸክምና መውደቅ ብቻ ናቸው። ጆሮው ቀልቶ «እህቴ፣ ወድቄ ነው በይኝና ልገላግልሽ» ይልና፣ «ከየት ወደቀች?» ለሚለው «ከማንጎ ዛፍ» ብሎ ይሞላል። በዚህ ሁኔታ በጥር ወር አሥራ አንድ ሴቶች ከማንጎ ዛፍ ወደቅን። እርስዎም ሪፖርቱን አይተው፣ አንዲቷን እንኳ ጠርተው ሳይጠይቁ፣ «ሴቶች ማንጎ ዛፍ ላይ ከመውጣት ይቆጠቡ» የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ አስለጠፉ። በጥር! ፍሬው ገና ሳይቋጠር! ምን ልናወርድ እንደወጣን የጠረጠረ አንድ ሰው ቢሮዎ ውስጥ ጠፋ?

ሦስተኛ፦ የወደቀ ሁሉ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ አሉ። የራጅ ማሽኑ ከኅዳር ጀምሮ ተበላሽቷል። ነዕማም «ራጅ የለሽም» ተብላ ባለፈው ሰኞ ከበር ተመለሰች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያንን ወረቀት ከበሩ ላይ እንዲያስነሡልን፣ ቅጹ ላይም የሕመማችንን ትክክለኛ ስም እንዲያስገቡልን በትሕትና እለምናለሁ። የማስተማር ተራዋ ከሰዓት ስለሆነ፣ የካቲት አሥራ አራት ጠዋት ነዕማን ይዤ ከቢሊሴ በር ላይ እገኛለሁ። በሩ ተከፈተም ተዘጋም፣ ማን ምን እንዳለን ሳላስቀር በዚሁ ገጽ ለአንባቢዎቼ እናገራለሁ።

ቀና ማለት ስላልቻለች በጥልቅ አክብሮት ያጎነበሰችልዎ፣
ከየትም ያልወደቀችው ቢታንያ

ድኅረ ማስታወሻ፦ ዲሳሳን ለመቅጣት ከመነሣትዎ በፊት የአሥራ አንዳችንን ዝርዝር ይመልከቱ። በአራተኛው ተራ ላይ የሰፈሩት ባለቤትዎ ናቸው፤ ይህን የጻፍኩትም በፈቃዳቸው ነው። ቤትዎ ግቢ ውስጥ ማንጎ እንደሌለ እሳቸውም ነግረውኛል።