በኩባት አርባ የጮህኩት

እትዬ አናርካን፣

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ለኩባት አርባ የመጡት ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር፤ ሚስቱ ስለሆንኩ ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ወንበር ይዤ ገባሁ። የጉልበቴን ጅማት የሰፋው ሐኪም፣ "ሃምሳ ዓመትም ቢሞላሽ፣ ካላጠፍሽው በበጋ ትሮጫለሽ" ብሎኝ ነበር።

እርስዎ ወንበሩን ከእጄ ወሰዱት።

"ለወንድሜ እንደ ሱቅ ጠባቂ ወንበር ላይ ጉብ ብለሽ ልታለቅሺለት ነው?"

ሰው ሁሉ ሰማ። ጉልበቴን አጥፌ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሙሾውን ያስተማረኝ የለም፤ ብቻዬን ነው የተለማመድኩት። "ሐይቁ ዳር ስንሮጥ ትንፋሽህ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። ጮህኩ። ሴቶቹም ተከትለውኝ ጮኹ። በኋላ እርስዎ አቅፈውኝ፣ "አየሽ የኔ ልጅ፣ መሬት ስትቀመጪ እንዴት እንደሚወጣልሽ!" አሉኝ።

ደስ ብሎዎት ስላየሁ የጮህኩት ጉልበቴን አሞኝ መሆኑን አልነገርኩዎትም።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። እርጥቡን ከሰል አይጨምሩበት፣ ያጨሳል።

የኩባትን ልብስ ለዘመድ ሲያካፍሉ የመሮጫ ጫማውን አይስጡብኝ።
የኔንም።

ጉልበቴ ላይ ትኩስ የበግ ላት ሊያስሩልኝ ሲሉ እጅዎን ስለገፋሁት ይቅር ይበሉኝ። አሞኝ ነው።

ሰዎች የት ሄደች ካሉ፣ ከተማ ሄዳለች ይበሏቸው።

ትናንት ሐኪሙ ጉልበቴን አየው። የሰፋው ጅማት ተበጥሷል፤ ዛሬ እንደገና ይከፍተዋል።

ቡሩል